አምባሰልን የቀዱት ካሴቶች

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ደውለው «ከግቢ ሕይወትሽ አንድ ታሪክ ጻፊልን» ሲሉኝ፣ ስለ ካሴት ልጻፍ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ «ያ አልጋሽ ሥር የነበረው ካርቶን?» አለና ሳቀ። የ1990 ባች የሆናችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ፤ በሲባጎ የታሰረው የቢስኩት ካርቶን። ጎንደር ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በ1997 ስንመረቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እኔ ስገባ 9 ካሴት ይዤ ነበር፤ ስወጣ 38 ሆነዋል። በኋላ 61 የደረሱበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የቀሩኝ 43 ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ በሙዚቃ ቤት ታትሞ፣ ሽፋን ተሠርቶለት የወጣው ጥቂት ነው። አብዛኛው ማንም ሳይፈቅድ የተቀዳ ነው። በኪነት ትርኢት ላይ፣ በሰርግ ዳስ ውስጥ፣ በማኅበር ቤት፣ አንድ ሰው ቴፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀይዋን ቁልፍ የተጫነበት። ፈረንጆች ለዚህ ዓይነቱ ቅጂ ራሱን የቻለ ስም አላቸው። እኛ ቤት ስሙ «የአባቴ ካሴት» ነበር።

የተወለድኩት ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ አምባሰል ይመጣል። የ1881ዱ ውል የተፈረመባት ውጫሌ እዚያ ናት። በየዓመቱ መስከረም 21 ምዕመን የሚጎርፍላት ግሸን ማርያምም እዚያው አምባሰል ውስጥ ናት። የአገሩ ገዢ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። እንዲህ ሆኖም ብዙ ሰው አምባሰልን የሚያውቀው በውሉም በእቴጌይቱም አይደለም፤ በዜማ ነው።

ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። ዶርም ውስጥ ከጎንደር ልጆች ጋር ስንከራከር ይህችን ነጥብ ሁልጊዜ አስቀድሜ አነሳት ነበር፤ ክርክሩን ግን አሸንፌበት አላውቅም። አምባሰል አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከዶ ቢነሱ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሰፊ ዝላይ አለው። ከዚያ ላይኛው በኩል ያው ጠባብና ሰፊ ይደገማል። ሆድ የሚያባባው ያ ነው መሰለኝ። የሚገርመው፣ ጃፓኖች «ሚያኮ ቡሺ» የሚሉት ስኬል በድምፆቹ አቀማመጥ ከአምባሰል ጋር አንድ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እነሱም ተራራ አላቸው ማለት ነው» አለች።

የአገራችን ዘፈን መቀዳት የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ከዘፈኑ ጀምሮ ነው። በ1961 አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ኩባንያ ሲከፍት ደግሞ ዘመናዊው የአዲስ አበባ ሙዚቃ በየቤቱ ገባ። ሸክላ ግን ለገዢ ብቻ ነው፤ ትሰማለህ እንጂ አትቀዳበትም። ካሴት ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሐይቅ የሚኖር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ከደመወዙ አጠራቅሞ አንድ ናሽናል ቴፕ ከገዛ፣ እሱም ቀጂ ሆነ ማለት ነው። አባቴ እንዲያ ሆነ።

በደርግ ጊዜ በየቀበሌው፣ በየአውራጃው፣ በየክፍለ ሀገሩ ኪነት ነበር። ትርኢቱ የሚጀመረው ያው በአብዮትና በምርት ዘፈን ነው። ሰዉ እሱን ታግሦ ያሳልፍና ባህላዊው እስኪመጣ ይጠብቃል። የወሎው ላሊበላ ኪነት ግን ሲጠበቅ የሚቆይ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ከሩቅ ተነስቶ የሚሄድለት ነበር። ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከእሱ ነው። ዛሬ «አምባሰል» ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በጆሮው የሚመጣበት የእሷ ድምፅ ነው። ለረጅም ዓመታት አሜሪካ ብትኖርም ይህ አልተለወጠም።

አባቴ ወደ ደሴ ይዞኝ የሄደው በ1980 ይመስለኛል፤ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሁለት ቀን በፊት የቴፑን ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲያሰጣቸው ትዝ ይለኛል። አዲስ ድንጋይ ውድ ስለነበር፣ ያረጀውን ፀሐይ ካስመቱት ትንሽ ነፍስ ይዘራል ይባል ነበር። (ይዘራል ወይ? አንድ የፊዚክስ መምህር ለዚህ መጽሔት ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።) አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ማሪቱን በዓይኔ አየሁ ለማለት ይቸግረኛል፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ሻሽ ትልቅ ስለነበር ያየሁት እሱን ነው። ድምፁ ግን በሻሹ ላይ አልፎ መጣ። ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ሄደ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጫጫታ እንደ ሻማ እፍ ተባለ፤ ከዚያ እሷ ገባች።

በካሴቱ ላይ ከዘፈኑ በፊት የሚሰማው እኔ ነኝ። «አባባ፣ መቼ ነው የምትዘፍነው?» እላለሁ። «ዝም በይ፣ እየቀዳ ነው» ይላል አባቴ። ከዚያ ያስላል።

አባቴ በ1987 አረፈ። እኔ ወደ ሕክምና ከመግባቴ በፊት ነው። አራተኛ ዓመት ሆነን ዋርድ መውጣት ስንጀምር፣ አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ያንን ካሴት በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። መምህራኖቻችን ቀኑን ሙሉ «አዳምጡ፣ መጀመሪያ አዳምጡ» ሲሉን ውለዋል። በአንዱ ገጽ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ 11 ጊዜ ያስላል። ደረቅ፣ አጭር፣ ሰው እንዳይረብሽ የታፈነ ሳል። ከመሞቱ በፊት በሰባት ዓመት የተቀዳ ሳል ምንም እንደማያስረዳ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። አዳራሹም አቧራ ነበር ይሆናል። ግን ማሪቱን ትቼ እሱን እየቆጠርኩ መሆኔ ሲገባኝ ቴፑን ዘጋሁት። ሁለት ዓመት አልከፈትኩትም።

የአባቴ ካሴት ሁሉ የኪነት አልነበረም። በብዛት የሰርግ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከናፍቆት አልፎ ታሪክ የሚሆነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

በስቱዲዮ የተሠራ ካሴት ላይ አምባሰል የተወሰነ ርዝመት አለው። በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ውስጥ አምስት ስድስት ዘፈን መግባት አለበት፤ ስለዚህ ይቆረጣል፣ ግጥሙም አስቀድሞ ተመርጦ ይታሰራል። በዳስ ውስጥ ግን አምባሰል መጨረሻ የለውም። አዝማሪው ዜማውን ይይዛል፤ ግጥሙን የሚሰጠው ሰዉ ነው። አንዱ ከወንበሩ ከፍ ይልና «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ መልስ ይሰጣል። ሙሽራዋ ትወደሳለች፣ ስስታሙ ዘመድ ይነካል፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ሹሙ ሁሉ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚባለው አንድ ጊዜ ነው፤ ነጋ ማለት ጠፋ ማለት ነው። ማንም አይጽፈውም። ቴፕ ያለው ሰው ድንገት ተገኝቶ ከቀዳው ብቻ ይተርፋል። በታተመው ካሴት ላይ የአዝማሪውን ጥበብ ታገኛላችሁ፤ የሐይቅን ሰው ግን አታገኙትም።

በ1981 የተቀዳ አንድ የሰርግ ካሴት አለኝ። አዝማሪው ማን እንደሆነ አልተጻፈም፤ ድምፁ ወፍራም፣ ትንሽ የጎረነነ ነው። አምባሰሉን ይዞ 20 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። እልልታ አለ፣ የብርሌ ድምፅ አለ፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዲት ሴት «ኧረ አስተኙት» ትላለች። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው «ተቀበል!» ይላሉ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሰጡ ስለ ሙሽራው ሚዜ ይመስላል፤ ሚዜው የለም፣ ለምን ቀረ ነው ነገሩ። ሰም ነው። ያኔ በብሔራዊ ውትድርና ልጁ ያልተወሰደበት ቤት ስንት ነበር? አዝማሪው ስንኙን ይቀበላል፤ ከወትሮው ቀስ ብሎ። እልልታው ይቆማል። ሰውየው ሁለተኛውን ስንኝ ሊሰጡ ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል። ከዚያ «ቀጭ»።

አባቴ ቁልፉን ነክቶታል። ካሴቱ ሲቀጥል ሌላ ዘፈን ነው፤ ሰዉ እየጨፈረ ነው።

ያቺን «ቀጭ» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግራችሁም። ስለዚያ ዘመን ፍርሃት ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ አንብቤያለሁም። አንድ አስተማሪ በሰርግ መሀል፣ በደስታ መሀል፣ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ የሚያሰማውን ያህል ግን የነገረኝ የለም። ካሴቱ ቢገኝ ድምፁ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህ ቆረጠው። እናቴን ከዓመታት በኋላ ጠየቅኳት። «የትኛው ሰርግ?» አለች። አስደመጥኳት። ትንሽ ሰምታ፣ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት፣ ሁለተኛውን ስንኝ ራሷ ጨረሰችው። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንዲት ቃል አላጎደለችም። ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ስንኙን እዚህ አልጽፈውም። የሰጡት ሰው ዛሬም አሉ፤ አርጅተዋል፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። አባቴ ያልቀዳላቸውን እኔ ማተም የለብኝም።

ካሴቶቹ ከቤታችን እንዴት እንደወጡ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። ሐይቅ አስፋልቱ ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዞ የሄደ ሰው በማግስቱ ተቀድቶለት ይወስዳል። አባቴ የደሴውን ትርኢት አንድ ጊዜ አዋሳቸው። ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያው አካባቢ በየሻይ ቤቱ የእኔ «አባባ፣ መቼ ነው የምትዘፍነው?» ይሰማ ጀመር! እናቴ ተቆጥታ ሄደች። «አያ፣ የሰው ካሴት ሰርቀው ይሸጣሉ?» ብትላቸው፣ «አብሽሪ እቴ፣ እኔ የሰረቅኩት ከሌባ ነው» አሏት። እናቴ እስካሁን ስታወራው ትስቃለች። ሰውየው ግን ልክ ነበሩ። በዚያ ሁሉ መሀል አንዲት ሳንቲም ያላገኘችው የዘፈነችው ናት።

ከቅጂው ቅጂ፣ ከዚያም ቅጂ እየተወሰደ ካሴቶቹ ሩቅ ሄዱ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወደ ምዕራብ በሰፈራ ለሄዱ ዘመዶች አንዱ ገጽ ዘፈን፣ ሌላው ገጽ ደብዳቤ ሆኖ የተላከ አለ፤ መጻፍ የማይችል ሰው በካሴት ነበር ሰላምታ የሚልከው። ዐረብ አገር የሄደች አክስቴም እንደዚሁ ትልክ ነበር፤ ሁለት ዘፈን ሳይሞላ ዜማው ይቋረጥና «ብሩ ደረሳችሁ ወይ?» ይመጣል።

ጎንደር ስገባ እነዚህን ነበር የያዝኩት። ስምንት ሆነን በምንኖርበት ዶርም አንዷ ባለ ሁለት ካሴት ሶኒ ነበራት፤ ቅዳሜ ማታ የመቅጃ ጊዜ ነበር። የጎንደር ልጆች የአዝማሪ ቤት ቅጂ ያመጣሉ፣ የጎጃም ልጆች የራሳቸውን፣ እኔ አምባሰሌን። የሚለዋወጥ ሁሉ አንድ ይሰጣል፣ አንድ ይወስዳል። ከአናቶሚ ማስታወሻ ጋር ካሴት የለወጡኝም አሉ። (ማስታወሻው ጥሩ አልነበረም።) ሦስተኛ ዓመት ላይ ፊዚካል ዲያግኖሲስ ስንማር፣ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደ በሽተኛ ካርድ ከፈትኩለት። የት ተቀዳ፣ መቼ፣ ማን ቀዳው፣ ስንተኛ ቅጂ ነው፣ ምን ጎደለው። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሙያዬ ብዙ ካርድ ጽፌያለሁ፤ እንደነዚያ በደንብ የጻፍኩት ግን ያለ አይመስለኝም።

በ1996 የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ያኔ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ነበርን። በካፌ አንድ ጓደኛችን አዋጁን እየጠቀሰ «አንቺ እኮ ካርቶኑን ይዘሽ ብትያዢ ጉድሽ ነው» አለኝ። በቀልድ ነበር፤ ግን አላስተኛኝም። አዋጁ ለራስ ብቻ መቅዳትን በተወሰነ መጠን ይፈቅዳል። ከያኒ በዘፈነው ላይ ያለውን መብት ግን ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ቀረጻ ላይ የሚገኙ ስንት ዘፋኞች ከካሴታቸው ሽያጭ ሌላው ሲበለጽግ እነሱ በሕመም ጊዜ እርዳታ ሲሰበሰብላቸው አይተናል፤ ሐኪም የሆንን ሰዎች ደግሞ አንዳንዶቹን በተኙበት አልጋ አጠገብ አይተናቸዋል። ለመዝናኛ የወሰድነው ነገር የሰው እንጀራ ነበር። ይህን ተቀብዬ፣ የዚያኑ ያህል ደግሞ አባቴ ባይቀዳ ኖሮ ያ ሰርግ ዛሬ የትም እንደማይኖር አውቃለሁ። ሁለቱን አስታርቄ አላውቅም።

አሜሪካ ያለ የባች ጓደኛችን ስለ ግሬትፉል ዴድ የነገረኝ ያን ሰሞን ነው። የእነሱ ተከታዮች ኮንሰርት እየቀዱ ይለዋወጡ ነበር፤ ባንዱም ይህን ሲያይ እንደ መከልከል ከ1977 ጀምሮ በአዳራሹ ውስጥ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጣቸው። ሽያጭ የለም፣ መለዋወጥ ብቻ። በዚያው ዓመት እኛ አገር ምን ይመስል እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ወሎ የዳቦ እንጂ የቴፕ ቦታ የሚጠየቅባት አልነበረችም። ቢሆንም ሐሳቡ ደስ አለኝ። ሲዘፍኑ እያዩህ፣ እያወቁህ መቅዳት። አባቴ ቴፑን በጋቢ ሸፍኖ ነበር።

ከተመረቅን በኋላ አዲስ አበባ በኪራይ ቤት እየተንከራተትኩ ስለነበር ካሴቶቹን እናቴ ቤት፣ ሐይቅ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያዎቹን 9 ብቻ ይዤ ቀረሁ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሐይቅና ደሴ ሲደርስ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በእግርም በመኪናም ደብረ ብርሃን ገባች። የያዘችው አንድ ፌስታል ልብስና የቤቱን ቁልፍ ነበር። ያኔ ስለ ካሴት ማሰብ ነውር ነው፤ አላሰብኩምም። ያሰብኩት ስለ ደም ግፊት መድኃኒቷ ነበር።

ጥር ላይ አብረን ተመለስን። በሩ ተገንጥሏል፤ ማን እንደገነጠለው አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈለግሁም። ቴፑ የለም። ካርቶኑ ተገልብጦ ካሴቶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ የብዙዎቹ ክር ተጎትቶ ወጥቶ ከጭቃ ጋር ተቦክቷል። የአንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ክር ርዝመት 90 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እሱን ሳሎን ውስጥ ተዘርግቶ ማየት... ምን ልበላችሁ፣ እናንተ የምታውቁትን ነገር ነው የመሰለኝ። እናቴ መጥረጊያ ይዛ መጣች፤ ከዚያ አየችኝና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች።

ከ52ቱ 18 ምንም የማይሆኑ ነበሩ። 34ቱን አዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። ተረኛ ባልሆንኩባቸው ምሽቶች፣ ስምንት ወር ያህል፣ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አምስቱን ብሎን መፍታት፣ ክሩን በተጣራ ውኃ ባራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ ማድረቅ፣ የተቆረጠውን ማያያዝ፣ ወደ አዲስ ቅርፊት መጠቅለል። በፎርሴፕስና በስፌት መቀስ ነው የሠራሁት፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ከዚያ በደህና ቴፕ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። አንዳንዱ ሲያልፍ ቡናማ ዱቄት ይጥላል፤ ያ ማለት ድምፁ ራሱ እየረገፈ ነው፣ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ትንፋሼን ይዤ ነበር የማዳምጠው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ወንጌል አለ። ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ እዚያ ሄጄ አላየሁትም፤ ሐይቁ ዳር ሆኜ ግን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ብራና ነው፤ ሰባት መቶ ዓመት አለፈው። ከዚያው ሐይቅ ዳር የተቀዳው የእኛ ካሴት 40 ዓመት አልሞላውም፤ ዱቄት እየሆነ ነው። መነኮሳቱ የያዙትን ነገር ዋጋ ያውቁ ነበር። እኛ ላዩ ላይ ሌላ ዘፈን እንቀዳበት ነበር። አንዱ የአባቴ ካሴት ላይ እኔው ራሴ፣ በ1985 ይመስለኛል፣ ከሬድዮ የቀዳሁት አንድ የማይረባ የእንግሊዝኛ ዘፈን አለ። ከሥሩ ምን እንደነበረ ካርዱ ይነግረኛል፦ «ሰርግ፣ አምባሰል ወረዳ፣ ግንቦት 1978»። ጎንደር ሆኜ የጻፍኩት፣ አባቴ ልባሱ ላይ ካስቀረው ማስታወሻ ገልብጬ ነው።

አሁን 43ቱም በድምፅ ፋይል ተቀምጠዋል፤ 31 ሰዓት ያህል ናቸው። ለሰው አላሰራጨሁም፤ ማሰራጨትም አልፈልግም። የማሪቱን የደሴ ቅጂ አንድ ቀን ለራሷ ማድረስ ነው የምፈልገው፤ የእሷ ነውና። ስለ ሰርጎቹ ግን የመምህራኖቻችንን ሐሳብ እፈልጋለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን የሙዚቃም ሆነ የፎክሎር ሰው ካለ፣ ዘፋኞቹንና ግጥም ሰጪዎቹን ወይም ልጆቻቸውን ፈልገን፣ ጠይቀን፣ ፈቃዳቸውን ይዘን ማስቀመጥ የምንችልበትን መንገድ ቢነግረኝ አብሬው ሐይቅም ውጫሌም እወርዳለሁ። ሰዎቹ እያለፉ ስለሆነ ለሚቀጥለው መገናኛችን የሚቆይ ነገር አይደለም። የሚዜውን ስንኝ የሰጡትን ሰውዬ ብቻዬን ሄጄ ለመጠየቅ ድፍረት አጥቻለሁ፤ አንድ ሰው አብሮኝ ቢመጣ ይሻላል።

እና ደግሞ፣ በ1994 ከካርቶኔ ቁጥር 7ን ወስደህ «ሰኞ እመልሳለሁ» ያልከኝ ልጅ፣ ማን እንደሆንክ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ቲዲኬ ነው፣ ባለ 90፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ባቲና አምባሰል፣ የክርስትና ድግስ» የሚል አለበት። የመጀመሪያው ቅጂ እሱ ነው፤ ሌላ የለም። ወደ መገናኛው ስትመጣ ይዘኸው ና፤ ቴፑን እኔ አመጣለሁ።